ዳገት ያቃታት ባለ ሦስት ጎማ

አርብ ገበያ፣ ረቡዕ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለዓለሚቱ አባት ለታፈረ፣ አሰብ ካለህበት ይድረስ።

በምትሄድበት መንገድ ሁሉ ቅዱስ ሚካኤል ይቅደምህ፤ ዛሬም ዕለቱ የእሱ ነው። እኛ ደኅና ነን። ዓለሚቱ ደኅና ናት፣ ላሟም ወልዳለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነብ እኛ ላይ ክፉ ነገር የደረሰ መስሎህ እንዳትደነግጥ ነው።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እንደነበሩ ታውቃለህ። ይህኛውን በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። መሪጌታ ምስጢር ያወጣሉ ብዬ አይደለም። ከበድ ያለ ነገር ስናገር ብዕራቸው ቆም ይላል፤ ብዕራቸው ሲቆም እኔ አፍርና ነገሩን አለዝበዋለሁ። ይህን ማለዘብ አልፈለግሁም።

የምጽፍልህ ስለ ሞተሯ ነው።

ጥር ፲፬ ቀን እንደ አንተው ሾፌር የሆነው ጓደኛህ ገብረ ሚካኤል በሸራ ተጠቅልላ ከእህል መኪና ላይ ሲያወርዳት ገበያተኛው ሁሉ ከበበን። ሦስት ጎማዎቿ እንደ ቅል ያበጡ፣ ቁመቷ ከጥጃ የማይበልጥ፣ ቀይ ሞተር። ደብዳቤህን መሪጌታ ጮክ ብለው አነበቡት። «አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ሱቅ ለልጄ ገዛሁላት። አዲስ ናት። ድንጋይም ጭቃም አትፈራም። አዲስ ስለሆነች በጥንቃቄ ያዙልኝ» ይላል። ወረቀቱ አሁንም አጠገቤ ነው። «አዲስ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል። ያን ቀን ልብ አላልኩትም። ዛሬ ግን ሰው እውነት የሆነን ነገር ለምን ሁለት ጊዜ ይጽፋል እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«ይህች ነገር ከየት መጣች?» አለኝ።

«አባቷ ለልጁ የላከላት መጫወቻ ናት።»

«ሞተር ያለው መጫወቻ? ወረቀቷስ?»

ወረቀት የላትም። ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ጎማዋን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ከመቀመጫዋ ስር አጎንብሶ አየ። ከሄደ በኋላ ሳቅሁበት። ጥርጣሬ እንደ እከክ በመነካካት እንደሚጋባ ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

ዓለሚቱ በገበያው ሜዳ ላይ እንደ ልቧ ነዳቻት። እጄን ይዛ «እይኝ እማ፣ እይኝ» እያለች ስንት ጊዜ እንዳዞረችኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ዳገት ላይ ግን ሞተሯ እመንገዱ አጋማሽ ስትደርስ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ትጠፋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ገፉላት። በሳምንቱ መሳቅ ጀመሩ። «አባትሽ ሽባ ሞተር ላከልሽ» ይሏት ነበር። ልጅህ አላለቀሰችም። እቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «አባዬ እዚህ ዳገት እንዳለ ረስቶ ነው» አለችኝ።

አንተ እዚህ ነው የተወለድከው። ያን ዳገት እንጨት ተሸክመህ ስትወጣው አይቼሃለሁ። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ያን ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ እየወለደ ሄደ።

ወፍጮ ቤት ያለውን አያ ረመዳንን ታስታውሰዋለህ። በዚህ አገር ሞተር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የካቲት ላይ ሞተሯን እየገፋን ወሰድንለት። ለድካሙ ለባለቤቱ ለፋጤ የነጠላ ፈትል ልፈትልላት ተስማማን። እሱም «የወፍጮ ሞተር እንደ በሬ ነው፣ ይህች እንደ ድመት ናት፤ ግን ሁለቱም ምግብና አየር ይፈልጋሉ» ብሎ መፍታት ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን አየር የምትስብበትን ሳጥን ከፈተው። ውስጡ ያለውን ስፖንጅ አውጥቶ መዳፉ ላይ ሲያራግፈው ነጭ አሸዋ ፈሰሰ። እንደ ስኳር የጠራ፣ መሐሉ የተሰባበረ ዛጎል ያለበት።

አያ ረመዳን አሸዋውን በጣቱ አገላበጠው። ቀጥሎ «ይህ የጋይንት አፈር አይደለም» አለ።

«የአዲስ አበባ ይሆናላ» አልኩት።

«አዲስ አበባ ዛጎል አለ እንዴ?» አለ። ሲመልስልኝ ግን ዓይኔን አላየኝም።

ስፖንጁን በሳሙና አጥቦ፣ ዘይት አስነክቶ መለሰው። ሞተሯ ትንሽ ነፍስ ዘራች፤ ዳገቱን ከበፊቱ ሃያ እርምጃ ያህል ጨምራ ወጣች። ዓለሚቱ ደስ አላት። እኔ አሸዋውን በወረቀት ጠቅልዬ እቤት ወሰድኩት።

ሞተሯ ከባሕር ዳርቻ ከመጣች፣ አሰብ ወደብ ላይ ከመርከብ ስትወርድ አሸዋ ነክቷት ይሆናል አልኩ። መኪናህ ላይ ስትጫን ነፋስ አግብቶባት ይሆናል አልኩ። ለአንተ ስል ብዙ ምክንያት ፈጠርኩልህ ታፈረ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጣህልን አንዴ ነው፣ ለመስቀል፣ ስድስት ቀን። ከስድስቱ ሦስቱን ተኝተህ ነው ያሳለፍከው። ያኔ መንገድ አድክሞት ነው ነበር ያልኩት።

መጋቢት ላይ እንደገና ወሰድናት። አያ ረመዳን እሳት የሚጭረውን ካንዴላዋን ፈታው። እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ጫፉን ጠርጎ አየውና «አሁን ገባኝ» አለ። ነገሩን ለዓለሚቱ ነበር የሚያስረዳት፤ እኔ ከጎን እየፈተልኩ አዳምጣለሁ።

«ልጄ፣ ቆላ አየሩ ወፍራም ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ስስ ነው። ይህች ሞተር በቆላው አየር ልክ ነዳጅ እንድትጠጣ ተደርጋ ነው የኖረችው። እዚህ ስትመጣ አየሩ አነሰ፣ ነዳጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ ይደፍቃታል። አንቺ ዳገት ስትወጪ ውኃ ቢጋቱሽ ትሮጪያለሽ?»

«አልሮጥም» አለች።

ቤንዚኑ የሚያልፍባትን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የነሐስ ቁራጭ አወጣ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ አንዲት የፀጉር ክር የምታህል መዳብ መዘዘና በቀዳዳዋ አሳለፈ፤ እንዳትወጣም ሁለቱን ጫፎቿን አጠፈ። ቀዳዳዋ ጠበበች። ሞተሯ ስትነሳ ጭሱ ነጣ፣ ድምፅዋም ጠራ። የእጅ ሥራውን ሳደንቅ «ያለ ቦታዋ የመጣች ናት እንጂ ደኅና ሞተር ናት» አለኝ።

«አዲስ ስለሆነች ነዋ» አልኩት። ሆን ብዬ ነው።

አያ ረመዳን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ውሸት መናገር አይችልም፣ እውነት መናገርም አልፈለገም። ካቴናዋን ገልብጦ አሳየኝ። ከቅባቱ ስር ጨው የበላው ዝገት አለ፤ ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብም እንደ ሾለ ምሳር ሆኗል። «አንድ ፈረስ ስትገዢ አፉን ከፍተሽ ታያለሽ አይደል? ጥርስ ዕድሜ አይደብቅም። ይህች ባሕር አጠገብ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ተነድታለች» አለ።

«ማን ነዳት?»

«እኔ ይህን አላውቅም አመለወርቅ። እኔ ብረት ነው የማነበው።»

ያን ቀን ልተወው ነበር። ሞተሯን ይዤ እሄዳለሁ፣ ከዚህ በላይ አትፈታም አልኩ በልቤ። ብሎን በተፈታ ቁጥር አንድ ነገር እየወጣ ነው። ግን ዓለሚቱ ከፊቴ ቆማለች፣ ዳገቱ ደግሞ ገና ሲሶው ቀርቷል። «ጉልበቴን ይመታኛል አያ ረመዳን» አለችው። እውነቷን ነው፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ መሪውን ይነካ ነበር። እሱም አጎንብሶ እግር ማሳረፊያዎቹን አየ። በሁለቱም ላይ ጡብ የሚያህል እንጨት ተቀምጦ፣ ላዩ የጎማ ቁራጭ ለብሶ፣ በሲባጎ ታስሯል። እኛ የሞተሯ የገዛ አካል መስሎን ነበር።

«ይህ የተጨመረ ነው። እግሯ አልደርስ ላላት ልጅ ነው የተሠራው» አለ።

ሊቆርጠው ቢላዋ ሲያነሳ «ቆይ» አልኩት። ቋጠሮውን አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የተቀበረ ቋጠሮ። በተጋባን ዓመት አህያ ላይ ጭነት ስናስር «እንዲህ ካሰርሽው ዝናብም አያላላውም» ብለህ ጣቴን ይዘህ ያስተማርከኝ ቋጠሮ ነው። በዚህ አገር እንዲህ የሚቋጥር ከአንተና ከእኔ በቀር አላውቅም። በጣቴ ነው የፈታሁት፤ በቢላዋ እንዲቆረጥ አልፈለግሁም።

አያ ረመዳን በበኩሉ ሌላ ነገር አገኘ። በአውራ ጣት የሚገፋው ነዳጅ መስጫ ላይ አንዲት ብሎን ገብታ ከግማሽ በላይ እንዳይሄድ አግዳዋለች። «ልጅቱ እንዳትበር ነው። ይህን ያሰበ ሰው ለልጁ የሚሳሳ ነው» አለ። ብሎኗን ፈታት። ሞተሯ በአንድ ቀን ከዚያ በፊት የማናውቀውን ጉልበት አገኘች። እኔ ግን የሰማሁት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። ለልጁ የሚሳሳ። ዓለሚቱ ኩፍኝ ታማ አሥራ አንድ ቀን ስትቃጠል አንተ ቃሊቲ ጭነት ትጠብቅ ነበር።

እንጨቶቹን እቤት ወስጄ ከአሸዋው ጋር አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁዳዴ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግርህም። ሰውን ሁሉ ጠረጠርኩ። መሪጌታ ደብዳቤህን ሲያነቡ ዘልለው ያለፉት መስመር ያለ መሰለኝና አንድ በአንድ እያገጣጠምኩ ራሴ አነበብኩት። ፋጤ ፈትሏን ስትወስድ ከወትሮው ይልቅ በዝግታ ስታነጋግረኝ፣ ባሏ ነግሯት ታዝንልኛለች ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ምስኪን፣ ጥርሷን አሟት ነበር።

ባለፈው ሳምንት አርብ ገብረ ሚካኤል እህል አድርሶ፣ ወደ እስቴ ወደ ቤተ ሰቡ ከመሄዱ በፊት ሊጠይቀን መጣ። እኛ ወፍጮ ቤት ነበርን። አያ ረመዳን በስሙ ወር ጾም ይዞ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ የመጨረሻውን ሥራ ይሠራል። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ጥሎት ከሄደ ስብር ብስክሌት ላይ ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ ፈቶ፣ መሐሉን በሞረድ አስፍቶ፣ ባለቀው ምትክ የኋላ ጎማው ዘንግ ላይ እያሰረው ነበር። «ክቡ ትልቅ ሲሆን ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጉልበቷ ይጨምራል። ለሜዳ አይመችም፤ ለዳገት ግን ይሻላል» ይለኛል። ዓለሚቱን ካቴናውን የሚያስረዝምበት ቁራጭ እንድታመጣ ልኳት አልነበረችም።

ገብረ ሚካኤልን እንዴት እንደምይዘው ስምንት ሳምንት ሙሉ ሳስብበት ቆይቻለሁ። «ታፈረ ሌላ ቤት አለው ወይ?» ብዬ ብጠይቀው የለውም ብሎ በሚካኤል ይምልልኛል፤ በመሐላ ተይዤ እቀራለሁ። ስለዚህ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዓይኔን ከእንዝርቴ ሳላነሳ፣ የታወቀ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቅሁት።

«ልጅቱ እንዴት ናት? ጥርስ መንቀል ጀመረች?»

«አንዷን ከፊት ነቅላለች፤ ሌላዋም ትነቃነቃለች» አለ። ካለ በኋላ ነው ፊቱ የተለወጠው።

አያ ረመዳን ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወፍጮው ያን ሰዓት ቆሟል። ፍየል ስታመነዥክ ይሰማ ነበር።

«ማን ነገረዎት እትዬ?» አለኝ ገብረ ሚካኤል።

«ሞተሯ ነገረችኝ። የቀረውን አንተ ንገረኝ።»

እንግዲህ እሱን አትቆጣው። አፉ አምልጦት እንጂ ከድቶህ አይደለም። ቁጭ አለና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገረኝ። ስሟ ማሚቴ ነው አለ። ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች አለ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሯን ከእሱ ላይ ለማሚቴ ገዝተህላት ነበር አለ። «እናቷ ተዋበች ትባል ነበር» ሲል «ትባል ነበር?» አልኩት።

«ታኅሣሥ ላይ ወባ ያዛት። ሦስት ቀን ነው የታመመችው። ታፈረ ሚሌ መንገድ ላይ ነበር፣ አልደረሰባትም።»

አሁን የምጽፈውን መሪጌታ ቢሆኑ አይጽፉልኝም ነበር። ደስ አለኝ ታፈረ። ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ፣ የማላውቃት ሴት በመሞቷ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዝዣለሁ። ለአንተ የነገርኩህ ግን እንድትፈታኝ አይደለም፤ ውሸትህ ምን ዓይነት ሰው እንዳደረገኝ እንድታውቀው ነው።

ገብረ ሚካኤል ሁሉንም ጨረሰው። ልጅቱ ጎረቤት ዘንድ እንደምታድር፣ አንተ መንገድ ስትወጣ በር ላይ ተቀምጣ መኪና እንደምትቆጥር ነገረኝ። ልጅቱን ወደ እኔ ለማምጣት አስበህ፣ መናገሩ ግን አቅቶህ፣ ሞተሯን አስቀድመህ እንደላክሃት ነገረኝ። «ሰው አገር ስትገባ የምታውቀው አንድ ነገር ይጠብቃት ብሎ ነው። እትዬንም ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር» አለ።

ስለዚህ ነው እንጨቶቹን ሳትፈታ የላክሃቸው። ስለዚህ ነው ብሎኗን ያልነቀልከው። ለአጭር እግር እንደተዘጋጀች ቀረች፤ የዓለሚቱ አልነበረችማ። ለዓለሚቱ ግን «ለልጄ ገዛሁላት» ብለህ ጻፍክላት። ለእኔ የዋሸኸው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ለእሷ ግን ያንተን ዳገት ለአራት ወር አስገፋሃት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሞተሯን ሞከርናት። አያ ረመዳን ከጎማዎቿ ትንሽ አየር አወጣ፤ ድንጋዩን እንድትጨብጥ ነው አለ። ዓለሚቱ ገመዱን ስባ አስነሳቻት። ቀስ ብላ ነው የወጣችው፣ እኔ ከጎኗ በፈጣን እርምጃ እደርስባት ነበር፤ ግን አልቆመችም። ወትሮ የምትጠፋበት ቋጥኝ ጋ ስትደርስ ልጅህ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ፊት አጎነበሰች። አለፈችው። የሳቁባት ልጆች በዝምታ ተከተሏት፣ አንዱ እንዲያውም ከፊቷ ድንጋይ ያነሳላት ነበር። ጫፍ ላይ ደርሳ አጠፋቻት። ፊቷ የንግሥት ፊት ነው። ያን ፊት ሳታየው ቀረህ።

ልጆቹ እስኪበተኑ ጠብቄ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። የአባትሽ ሌላ ልጅ አለች፣ ታናሽሽ ናት፣ እናቷ ሞታባታለች አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። የደብተር ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሒሳብ ደብተሯን ልባስ ገለጠች፣ ቢጫ ቢራቢሮ የምትመስል የፀጉር ማስያዣ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች።

«የእሷ መሆን አለበት። ከመቀመጫው ስር ነበረ» አለች።

«መቼ አገኘሽው?»

«የመጣች ሳምንት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሌላ ልጅ ናት ብለው መልሰው ይወስዷታል ብዬ ነው። አንቺም ታለቅሻለሽ ብዬ።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ በየካቲት አሸዋ መጠቅለል ከመጀመሬ በፊት፣ ልጄ በጥር ብቻዋን መጠርጠር ጀምራ፣ ምስጢሯን ከሒሳብ ደብተሯ ጋር ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ነበር። ሌላውን ሁሉ ምናልባት ጊዜ ያረግበዋል። ይህን ግን አልተውልህም።

«ትቀማኛለች?» አለችኝ።

«ተራ ትገባላችሁ።»

አሰበችበት። «ሜዳ ላይ ነው የለመደችው። ዳገት አታውቅም። መጀመሪያ እኔ ነኝ የማሳያት» አለች። ከዚያ ተነስታ የፀጉር ማስያዣውን ከጉልበቴ ላይ ወሰደችና ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። የምታስቀምጥላት ይሁን የምታስቀርባት አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ የወሰንኩትን ስማኝ። ልጅቱን ላክ። ሰኔ ሳይከብድ፣ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ላክ። ሕፃን በር ላይ ተቀምጣ መኪና አትቆጥርም። ወዴት እንደምትሄድ እውነቱን ንገራት። አክስትሽ ዘንድ ነው ብለህ እንዳታመጣት፤ የዓለሚቱ እናት ዘንድ ነው በላት። የእናቷን ስም በዚህ ቤት ማንም አይከለክላትም። እኔም እጠራዋለሁ። ተዋበች። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄ አልተቆረጠም።

እንጨቶቹን በቦታቸው አስሬያቸዋለሁ፤ ዓለሚቱ ስትነዳ ይፈታሉ፣ ማሚቴ ስትነዳ ይታሰራሉ። በዚያው ቋጠሮ ነው ያሰርኳቸው፤ ሌላ አላውቅም።

ስለ አንተና ስለ እኔ የወሰንኩት ነገር የለም። ትመጣለህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ሦስት ነገር ነው፣ መልሱንም በገዛ እጅህ ጻፈው። ከማሚቴ ሌላ ልጅ አለህ ወይ? ተዋበችን ሳታውቀኝ ነው የምታውቃት ወይስ ካወቅኸኝ በኋላ? ከእኛ ሌላስ የዋሸኸው ሰው አለ ወይ? መልስህን ገብረ ሚካኤል ከሚለኝ ጋር አስተያየዋለሁ፤ ልጅቱም ስትመጣ አፍ አላት። እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንተን የማምንህ እንዲህ ነው፤ ከለመድከው በላይ ጊዜ ይወስዳል።

አያ ረመዳን ሰላም ብሎሃል። ስለ ሞተሯ «ነዳጅ እንዳይበዛባት፣ ስፖንጇን በየወሩ ማጠብ፣ ካቴናውን ማጥበቅ» ብሏል፤ እኔ አውቄዋለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር አሁንም ወረቀት ይጠይቃል። ከገዛህበት ሰው ስም ጋር ወረቀት ካለ ላክልን። ይህም አዲስ አበባ ከሱቅ እንዳይሆን።

መንገዱን እግዚአብሔር ያሳጥርልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሁለቱንም።

የዓለሚቱ እናት
አመለወርቅ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ልጅቱ ቆላ ነው የኖረችው፤ ስትመጣ ጨጨሆ ተራራ ላይ ብርዱ ይገድላታል። አርብ ገብረ ሚካኤል ሲመለስ ጋቢ በእጁ እልካለሁ። ለአንዲት ሕፃን በጣም ይሰፋል፤ ሁለት ሰው ያለብሳል። ይህን የምልህ ስለ ብርዱ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው።